የትንሿ ሣጥን ድምፅ

የሺዋስ የሞተው ጊታሩን እንዳቀፈ ነው። ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል። ለሚያየው ሰው የራሱን ዜማ እየሰማ እንቅልፍ ሸለብ ያደረገው ይመስላል። ፊቱ ላይ ግን ለሬሳ የማይሆን ቅላት ነበረ። ኢንስፔክተር ሥርጉት ይህን ቅላት በከሰል ጭስ ታፍነው ባደሩ ሰዎች ላይ ስላየችው፣ ምን እንደገደለው ለማወቅ ሐኪም መጠበቅ አላስፈለጋትም። ጭሱን ማን እንደላከበት ነበር ማወቅ የፈለገችው።

ግቢው አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። የሟች አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እናቱ እትዬ ወርቅነሽ ሁለቱን የጓሮ ክፍሎች ለልጃቸው ለቀቁለት፤ እሱም የውስጠኛውን መስኮት በብሎኬት ደፍኖ፣ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶንና በብርድ ልብስ ለብዶ፣ ስቱዲዮ ብሎ ሰየመው። የውጭኛው ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ናት። ያን እሑድ አመሻሽ እዚያች ክፍል መሐል ላይ ነዳጁን የጨረሰ ጀነሬተር ተቀምጦ ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ቀናው። ቀናው ጥሩ ፖሊስ ነው፤ ክፋቱ ነገር ሁሉ ቶሎ ግልጽ ይሆንለታል። «ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ደግሞ ይወርዳል። የጎረቤቱን ጀነሬተር ወደዚህ አስገብቶ አስነሳ። ጩኸቱ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባበት የመሐሉን በር ዘጋ። ጭሱ በበሩ ሥር ገብቶ ጨረሰው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ሥርጉት፤ ከጀነሬተሩ የሚነሳውን ሽቦ በዓይኗ እየተከተለች።

ሽቦው ዘወትር እዚያው የሚኖር ነው፤ ወለሉ ላይ በምስማር ተይዞ፣ በመሐሉ በር ሥር ሾልኮ፣ በሟቹ እግር አጠገብ አልፎ፣ ማከፋፈያ ላይ ያበቃል። ማከፋፈያው ላይ የተሰካው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሻንጣ የሚያህል፣ ብዙ ቁልፍና ትልቅ ስክሪን ያለው መሣሪያ። ማብሪያው ጠፍቷል። በጣቷ ስትነካው ስስ አቧራ ይዞላት መጣ። ከጊታሩ የወጣው ገመድ ግን ወደዚያ መሣሪያ አይሄድም። መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ከሣጥኗ ወደ ላፕቶፑ። የሣጥኗ ሆድ ላይ በቆርቆሮ መያዣ የታሰረ ባትሪ አለ። የላፕቶፑም ቻርጀር ቦርሳ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው።

«ቀናው፣ ይህ ጀነሬተር ለማን ነው ሲሠራ የዋለው?»

ቀናው ሽቦውን አየ፣ የጠፋውንም ማብሪያ አየ።

«እዚህ ያየኸውን ለማንም አትንገር። ዕቃውን ሁሉ ፎቶ አንሥተህ ሰብስብልኝ።»

የሺዋስ በማግሥቱ ተቀበረ። እትዬ ወርቅነሽ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠው ነበር። ሥርጉት አጠገባቸው ተንበርክካ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገረቻቸው።

«እትዬ፣ እሑድ ከሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ዕድር። ስመለስ ነው ጭሱ የሸተተኝ።» ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሏል። «የረሻድ ጀነሬተር ነው ልጄን የበላው። ከልጄ ጋር አንድ ሳህን ላይ እያበላሁ ነው ያሳደግኩት፤ እሱ ግን ያንን ርኩስ ነገር አምጥቶ ደጄ ላይ ጣለው። ድንኳኔን እንዳይረግጥ ብያለሁ።»

«መብራት ሲጠፋ የሺዋስ ምን ያደርግ ነበር?»

አሮጊቷ ጥያቄው ግራ አጋባቸው። «ሰው ሁሉ ይራገማል። የእኔ ልጅ ግን እሰይ ብሎ ክፍሉ ይገባል። አብዷል ነበር የምለው።»

ሥርጉት ይህችን ቃል ይዛ ወጣች።

የረሻድ የብየዳ ቤት ከግቢው አጥር ጋር ግድግዳ ይጋራል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሥራ ግን የለም። ረሻድ ያልተበየደ የመስኮት ፍሬም ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ለሦስት ሰው የሚበቃ ትከሻ ያለው ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን አንድ ፍሬ ልጅ መስሏል። የተቀበረውን ጓደኛውን ሬሳ እንኳን አልሸኘም፤ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ነበር ለቅሶውን የሰማው።

«ጻፉት ኢንስፔክተር» አላት ገና ሳትቀመጥ። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ሳጅኑ በቸልተኝነት ነው ብሎኛል፤ የፈለጋችሁትን በሉት።»

«እንዴት ገደልከው?»

«ቅዳሜ ዕለት፣ እሑድ የአክስቴ ልጅ ኒካህ አለብኝ፣ ዝናብ ከመጣ ጀነሬተሩን ወደ ውስጥ አስገባልኝ አልኩት። እንዳይበሰብስብኝ። ለብረት ብዬ ሰው ገደልኩ።»

«ቀኑን ሙሉ ኒካሁ ላይ ነበርክ?»

«ላጢፋን፣ እህቴን፣ ጠይቋት። የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ምን ይለውጣል?»

ሥርጉት ውጭኛው ክፍል ውስጥ ያየችውን የጀነሬተር ማስነሻ አስታወሰች። ገመዱ ተበጥሶ በሞተር ሳይክል የፍሬን ካቦ ተተክቷል፤ መያዣ እንጨትም የለው። «ይህን ካቦ እጅህ እንዴት ይችለዋል?»

«በቆዳ ጓንት ነው የምስበው። ያለ ጓንት ሥጋ ይበላል።»

«የሺዋስስ?»

«የሺዋስ?» ረሻድ ሳያስበው ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «እሱ እኮ ለጣቱ ስስታም ነው። ሽንኩርት አይከትፍም። አንድም ቀን ስቦት አያውቅም፤ ለእናቱ ፍሪጅ ጀነሬተሩ ሲያስፈልግ እንኳን እኔን ነው የሚጠራኝ።»

ይህን ብሎ ተመልሶ መሬት መሬት ማየቱን ቀጠለ። የተናገረው ነገር ነጻ ሊያወጣው እንደሚችል አልገባውም። ሐዘን እንዲህ ነው፤ ሰው በገዛ እጁ የያዘውን ቁልፍ አያይም። ሥርጉት ልትነግረው ዳድቷት ተወችው፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳታውቅ የምትሰጠው ተስፋ ዕዳ እንዳይሆንበት ፈራች።

የሺዋስ ጊታር የሚጫወትለት የሙዚቃ አቀናባሪ አብርሽ የሚገኘው ሳሪስ አቦ ነው። ስሙ ገናና ነው፤ ባለፈው አልበሙ ላይ ያለው ጊታር ሚኒባሱን ሁሉ ያዳረሰ፣ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ስለ ድምፅ ጥራት የሚያስተምር ሰው። ስቱዲዮው ውስጥ የወንበሩ ቆዳ እንኳን አዲስ ይሸታል። ሥርጉትን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አንቺ አላት፤ እሷ ደግሞ እርስዎ ማለቷን አልተወችም።

«ያሳዝናል» አለ። «ጎበዝ ልጅ ነበር። የሊዲያን አዲስ አልበም ጊታር እሱ ጋ ነበር የምንቀርጸው። ያንን መሣሪያ ከዱባይ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። አምፕ ሞዴለር ይባላል። ድሮ ትልቅ አምፕሊፋየር ፊት ማይክ ተደቅኖ ሰፈር ይረበሽ ነበር፤ አሁን መሣሪያው የአምፑን ድምፅ ያስመስላል፣ ጊታሩ በገመድ ገብቶ በገመድ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል።»

«ማይክ የለም?»

«ለጊታር ምን ያደርጋል?»

አብሯት የመጣው ቀናው ጉሮሮውን ጠረገ። የመሐሉ በር ለጩኸት ተዘጋ ያለው እሱ ነበር።

«ርካሾችም አሉ ይባላል» አለች ሥርጉት።

«መጫወቻ ናቸው። የእኔ ጆሮ በአንድ ኖታ ይለያቸዋል። የሺዋስም አንዲት ነበረችው፤ እኔ ነኝ ያስጣልኩት።» ይህን ሲል በግራ እጁ አንድ ቁልፍ ያሽከረክራል። ቀኙ ጣቶቹ እጥፋት ላይ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«ብርጭቆ ተሰበረብኝ።»

«እሑድ ከሰዓት?»

«ቤቴ ተኝቼ ነበር። ብቻዬን።»

ሥርጉት ያነጋገረቻት የመጨረሻዋ ሰው ዘፋኟ ሊዲያ ነበረች። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ደረጃው ላይ የጎረቤት ልብስ በተሰጣበት ፎቅ፣ በር ከፍታ ሳትጠየቅ አለቀሰች። ሥርጉት ጠበቀቻት። ከዚያ ስለ ትልቁ መሣሪያና ስለ ትንሿ ሣጥን ጠየቀቻት።

«ተጣልተንባቸው ነበር» አለች ሊዲያ። «የመጀመሪያ አልበሜን በመጫወቻ አትቀርጽብኝም አልኩት። ታላቁ አብርሽ ያለው ትልቁን ነው፣ አንተ ማን ነህ አልኩት። አኮረፍኩት። አንድ ቀን ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ። ያንኑ ዜማ በሁለቱም ቀርጾ፣ ከከበሮና ከቤዝ ጋር ቀላቅሎ አሰማኝ። ደጋግሜ ሰማሁ። መለየት አልቻልኩም።»

«እሱስ ይለይ ነበር?»

«ብቻውን ሲሰማ ይለያል። ትልቁ ጥልቀት አለው፣ ስጫወትበት ጣቴ ደስ ይለዋል ይል ነበር። ዘፈኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሚኒባስ ላይ የሚሰማው ሰው ምን ያውቃል ይላል። ደግሞ መብራቱ አለ። ትልቁ መሣሪያ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ይጠፋል፤ እስኪነሣ የያዘው ስሜት ያመልጠዋል። ትንሿ ባትሪ ናት፤ መያዣውን ረሻድ ነው የበየደለት። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ነበር መቅረጽ የሚወደው። ግድግዳው ውስጥ ከረንት ከሌለ ድምፁ ንጹሕ ይሆናል ይላል።»

እናትየው የነገሯት የልጃቸው «እሰይ» አሁን ለሥርጉት ገባት።

«አልበሙ በየትኛው ነው የተቀረጸው ታዲያ?»

«በሙሉ በትንሿ። ለአብርሽ አልነገርነውም። የሺዋስ ለምርቃቱ ቀን አቆይቶት ነበር፤ ሊስቅ።»

«በሁለቱ መካከል ጠብ ነበር?»

ሊዲያ እጇን እጇን አየች። «አላውቅም» አለች። ይህች አላውቅም ከእውነቱ ይልቅ ብዙ ተናገረች። ሥርጉት የላፕቶፑን የይለፍ ቃል ብቻ ተቀብላት ወጣች።

ያን ቀን ከቀናው ጋር ጣቢያ ተቀምጠው የእሑዱን ቀረጻ ሰሙ። ቀናው መጨረሻው ላይ ተነሥቶ ወጣ፤ ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ሠልስት ዕለት ሥርጉት አራቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበች። እትዬ ወርቅነሽ በሁለት ሴቶች ተደግፈው መጡ፤ ሴቶቹ ውጭ ቀሩ። ሊዲያ ጥግ ቆመች። አብርሽ አቀባበል የሚጠብቅ ይመስል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ረሻድ በፖሊስ ተጠርቶ ነው የመጣው፤ እናትየው እንዳያዩት ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ። እሳቸውም ፊታቸውን አዞሩበት።

«አቶ አብርሽ፣ የርስዎን ጆሮ ለመዋስ ነው» አለች ሥርጉት። «እሑድ የተቀረጸ ነው። ይስሙና ያስረዱን።»

ላፕቶፑን ከፈተች። የየሺዋስ ጊታር ክፍሉን ሞላው። አምባሰል ነው፤ ቀስ ያለ፣ የሚጠይቅና ራሱ የሚመልስ። እትዬ ወርቅነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ሰማችሁት?» አለ አብርሽ። «ይህን ጥልቀት ርካሽ ዕቃ አይሰጥም። ከዱባይ የመጣው ማለት ይኸ ነው።»

ሊዲያ ቀና አለች። ሥርጉት በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

ዜማው ቀጠለ፤ አንዱ ሐረግ መሐል ላይ ግን ከሥሩ እምም የሚል ጉርምርምታ ገባ። ጊታሩ አላቋረጠም። ጉርምርምታውን ተሸክሞ ሄደ። ሥርጉት እዚያ ላይ አቆመችው። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ጣቶቹ እየዘገዩ የሚሄዱበትን፣ እናት እንድትሰማው አልፈለገችም።

«ያ ከታች የገባው ድምፅ ምንድን ነው?»

«ከረንት ነዋ» አለ አብርሽ፣ ተማሪ እንዳገኘ መምህር። «አጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ከረንት ሲገባ የጊታሩ ማግኔት ይስበዋል። የጀነሬተር ከረንት ደግሞ ቆሻሻ ነው። ጀነሬተሩ የተነሣው እዚያ ላይ ነው።»

«ተሳስተው እንዳይሆን?»

«ጆሮዬን ትጠራጠሪያለሽ?»

«አልጠራጠርም። ሳጅን፣ ቃሉን ያዝልኝ።» ሥርጉት ወደ ደጃፉ ዞረች። «ረሻድ፣ ጀነሬተሩ ሲነሣ የየሺዋስ እጆች የት ነበሩ?»

ረሻድ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ጊታሩ ላይ» አለ። ቃሉን የተናገረው እሱ ይሁን እንጂ ከሁሉም በኋላ የሰማው ራሱ ነው። «ሁለቱም እጁ ጊታሩ ላይ ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አብርሽ ቃሉን ሊመልሰው ሞከረ። «እንግዲያው ጎረቤቱ አስነሥቶለት ሄዷል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ይቆማል፤ ልጁ በጨለማ ጣቱን እያፍታታ ይጠብቃል፤ ከረንቱ ሲመጣ ይቀጥላል።»

«እንደዚያ መስሎዎት ነው» አለች ሥርጉት። «ግን መብራት ጠፍቶ፣ ጀነሬተሩም ሳይነሣ በፊት ያ ሁሉ ዜማ ተቀርጿል። በምን ተቀረጸ?»

አብርሽ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለ።

«እኔ ልንገርዎ። በትንሿ። በባትሪዋ። ትልቁ መሣሪያ ማብሪያው ጠፍቶ፣ አቧራ ለብሶ ነው ያገኘነው። ጀነሬተሩ ያን ዕለት ለማንም አልሠራም። የሺዋስ ከረንት አይፈልግም ነበር፤ ረሻድ ይህን ያውቃል፣ የባትሪውን መያዣ የበየደው እሱ ነው። ሊዲያም ታውቃለች። እናቱ እንኳን ስለ ሣጥን የማያውቁት፣ መብራት ሲጠፋ ልጃቸው ደስ እንደሚለው ያውቃሉ። ጀነሬተሩን እዚህ ያስገባው ሰው ግን ልጁ መብራት እየጠበቀ የተቀመጠ መስሎታል። ከረንት ቢልክለት ረሻድ ነው ብሎ ሳይወጣ እንደሚቀጥል፣ ፖሊስም ራሱ አስነሣው እንደሚል አስቧል። በትልቁ ይቀረጻል ብሎ የሚያምን ሰው ከእናንተ መካከል አንድ ብቻ ነው።»

«ይኸ ግምት ነው» አለ አብርሽ።

«ቀኝ እጅዎን ይክፈቱልኝ።»

አልከፈተም።

«ያ ማስነሻ የፍሬን ካቦ ነው። ረሻድ በጓንት ይስበዋል፤ የሺዋስ ለጣቱ ፈርቶ ነክቶት አያውቅም። ያላወቀ ሰው በባዶ እጁ ሲስበው ጣቱ እጥፋት ላይ ይቆርጠዋል። ካቦው ላይ ያገኘነው ደም ለምርመራ ሄዷል። ብርጭቆዎን ደግሞ ቤትዎ ሄደን እንፈልገዋለን።»

ሊዲያ ከጥግ ወጣች። «ያለፈው አልበም ላይ ያለው ጊታር የየሺዋስ ነው። ስሙ ሳይጻፍ ቀረ፤ አብርሽ ተጫወተው ተብሎ ወጣ። ቅዳሜ፣ በእኔ አልበም ላይ ስሜን ካልጻፍክ ሬዲዮ ሄጄ እናገራለሁ አለው። እዚያው ነበርኩ። አልበሜ እንዳይቀርብኝ ብዬ ዝም አልኩ ኢንስፔክተር። ይቅር አይበለኝ።»

አብርሽ ሊዲያን እንጂ ፖሊሶቹን አላያቸውም። «ሙሉው አልበም ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ሁሉም በትንሿ?»

«ሁሉም። ያለፈውም ጭምር።»

ሰው ገድሎ ያልደነገጠው ሰውዬ ያን ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። ቀናው ክንዱን ሲይዘው አልታገለም። ሲወጣ ረሻድን ተሻግሮት ነው የሄደው፤ ረሻድ አልተነሣም፣ ቀና ብሎም አላየውም።

ሥርጉት ሥራዋ ማለቁን ታውቃለች፤ ግን እግሯ እምቢ አላት። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ያለው ሰውዬ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ኢንስፔክተር» አለ በመጨረሻ። «ዝናብ ከመጣ አስገባው ያልኩት ነገር...»

«አላስገባውም፣ ረሻድ። አልነካውም።»

«አልነካውም?»

«አልነካውም።»

እትዬ ወርቅነሽ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም፤ ሊዲያ እጇን ብትዘረጋ እንኳን አላዩትም። ደጃፉ ድረስ ሄደው ከረሻድ ፊት ቆሙ። እሱ ተንፏቆ ከመንገዳቸው ሊሸሽላቸው ፈለገ።

«የት ትሸሻለህ?» አሉት። «ሦስት ቀን ሙሉ በወንድም ቦታ፣ በአንተ ቦታ ላይ ባዳ ተቀምጧል።»

«እማማ፣ እኔ...»

«ተነሥ። እኔም አቅም የለኝ፣ ደግፈኝ።»

ተነሣና ክንዳቸውን ያዘ። ጭቃውን እየረገጡ ግቢውን አቋርጠው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ለቀስተኛው ሲያያቸው መንገድ ለቀቀላቸው። እትዬ ወርቅነሽ ከራሳቸው ቀኝ ያለውን ሰው አስነሥተው ረሻድን አስቀመጡት፣ እጁንም አልለቀቁም። ገዳይ ነኝ ብሎ ያሰበ ሰው ማልቀስ አልተፈቀደለትም ነበርና ረሻድ ከእሑድ ጀምሮ ዓይኑ ደርቆ ነበር። አሁን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ የጓደኛውን ስም እየጠራ፣ ጮክ ብሎ አለቀሰ።